ብርሃን የክሪስታልን ገጽ ያነበበበት ታሪክ

የታሪክ ድርሰት ጻፉ በተባልን ጊዜ ብዙዎቹ የክፍል ጓደኞቻችን ወደ ነገሥታትና ወደ ጦር ሜዳ ሄዱ። እኛ የፊዚክስ ክበብ አባሎች ግን ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የመረጥነው ታሪክ ጦር የሌለበት፣ ነገር ግን ክርክርና ድል ያለበት ነው። ርእሱን ባስታወቅን ጊዜ አንድ ጓደኛችን፣ «የድንጋይ ፊት ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ብሎ ሳቀብን። ይህ ጽሑፍ ለእርሱም መልስ እንዲሆን አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ነገሩ የሚጀምረው ሴሚኮንዳክተር ከሚባሉት ነገሮች ነው። መዳብ ኤሌክትሪክን ያሳልፋል፤ ብርጭቆ አያሳልፍም። ሲሊከንና ጀርማኒየም ግን በሁለቱ መካከል የቆሙ ናቸው፤ እንደ ሙቀቱ፣ እንደሚያርፍባቸው ብርሃንና እንደ ተጨመረባቸው ጥቂት ባዕድ ነገር አንድ ጊዜ ያሳልፋሉ፣ አንድ ጊዜ ይከለክላሉ። በራዲዮኑም፣ በስልኩም፣ በሒሳብ መኪናውም ውስጥ የሚሠራው ይህ ጠባያቸው ነው።

በሲሊከን ክሪስታል ውስጥ እያንዳንዱ አቶም አራት እጅ እንዳለው ሰው ነው፤ በአራቱም እጆቹ አራት ጎረቤቶቹን ይዞ ይኖራል። ክሪስታሉ በተሰነጠቀ ጊዜ ግን በስንጥቁ ፊት ላይ የቀረው አቶም አንድ እጁ ባዶውን ይቀራል። ባዶ እጅ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ወይ ከአየር ኦክሲጅን ይይዛል፣ ወይ በጎኑ ያለውን ጎረቤት ይጨብጣል፣ ወይም የሚያልፈውን ኤሌክትሮን ያጠምዳል። ከዚህም የተነሣ የክሪስታል ገጽ የውስጡ ተከታይ ሳይሆን የራሱ ሕግ ያለው ሌላ አገር ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ባዶ እጅ ያስከተለው ችግር ትንሽ አልነበረም። በ1945 ዊልያም ሾክሊ የተባለው ሊቅ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ሆኖ፣ በሲሊከን ገጽ አጠገብ የኤሌክትሪክ ኃይል በማቆም በውስጡ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ለመጨመርና ለመቀነስ ዕቅድ አወጣ። ስሌቱ ቢታሰብ ልክ ነበር፤ ነገር ግን መሣሪያው አልሠራም። በሚቀጥለው ዓመት ጆን ባርዲን ምክንያቱን አገኘ፤ ኤሌክትሮኖች በገጹ ላይ ተጠምደው ስለሚቀሩ ከውጭ የሚመጣውን ኃይል እንደ ጋሻ ይመክቱታል፣ ወደ ውስጥም አያስገቡትም አለ። ባልደረባው ዋልተር ብራተይን ይህን ሲመረምር በሲሊከን ገጽ ላይ ብርሃን አሳረፈ፤ የገጹም የኤሌክትሪክ ግፊት ሲለወጥ አይቶ በ1947 አሳተመው። እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ ብርሃን ከመጀመሪያው ጀምሮ ምስክር ሆኖ ቆሟል። ባርዲንና ብራተይን የገጹን ነገር ሲከታተሉ ሳለ፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 16 ቀን የመጀመሪያውን ትራንዚስተር አሠሩ፤ በ1956ም ከሾክሊ ጋራ የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ይህን ማንሣታችን የገጽ ጥናት የሥራ ፈት ጨዋታ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። ገጹን ያላወቀ ሰው መሣሪያው ለምን እንደማይሠራ አያውቅም።

ታዲያ ገጹን እንዴት ማወቅ ይቻላል? ብርሃንን በትኖ የትኛው ቀለም እንደ ጎደለ፣ የትኛውም እንደ በረታ መመርመር ስፔክትሮስኮፒ ይባላል። ኒውተን በ1666 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም እንደ በተነ፣ ፍራውንሆፈር በ1814 በፀሐይ ቀለሞች መካከል ከ570 በላይ ጥቁር መስመሮችን እንደ ቈጠረ፣ ኪርክሆፍና ቡንዘንም በ1859 እነዚያ መስመሮች የንጥረ ነገሮች ምልክት መሆናቸውን እንዳስረዱ በክፍል ተምረነዋል፤ ስለዚህ በዚህ ላይ አንዘገይም። ለእኛ ነገር የሚያስቸግረው ሌላ ነው። አረንጓዴ ብርሃን በሲሊከን ላይ ሲያርፍ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ያህል ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ይህ ለእኛ ከምንም የማይቈጠር ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያ ጥልቀት ውስጥ ሦስት ሺህ ያህል የአቶም ድርብርቦች አሉ። ስለዚህ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ብርሃን የሚናገረው ስለ ሦስት ሺሁ ነው፤ ከላይ ያለው የአንዱ ድርብ ድምፅ በገበያ መካከል እንደሚያንሾካሹክ ሰው ድምፅ ይዋጣል። ብርሃን ጥልቅ መሆኑ ለሌላው ጥናት በጎነቱ ሲሆን ለዚህ ጥናት ጉድለቱ ሆነ።

መድኃኒቱ የተገኘው ከሌላ መንገድ ነው። በ1808 በፓሪስ ከተማ ኤቲየን ሉዊ ማሉስ የተባለ የጦር መሐንዲስ፣ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ በሉክሰምቡርግ ቤተ መንግሥት መስኮቶች ላይ የሚያንጸባርቀውን ብርሃን ከቤቱ ሆኖ በአይስላንድ ክሪስታል ይመለከት ነበር። ይህ ክሪስታል አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያሳያል። ማሉስ ክሪስታሉን ባዞረው ጊዜ ከሁለቱ ምስሎች አንዱ ሲደክምና ሌላው ሲበረታ አየ። ምክንያቱም ይህ ነው፤ ብርሃን ሞገድ ስለ ሆነ፣ ሁለት ልጆች ግራና ቀኝ ይዘው እንደሚያወዛውዙት ገመድ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ወይም ወደ ጎንና ጎን ሊወዛወዝ ይችላል። በመስተዋት ላይ ሲያንጸባርቅ ግን አንዱ አወዛወዝ ከሌላው ይልቅ በብዛት ይመለሳል። እንዲህ አወዛወዙ በአንድ አቅጣጫ የሆነ ብርሃን ፖላራይዝድ ይባላል። ማሉስ ከናፖሊዮን ጋራ ወደ ግብጽ ዘምቶ ወረርሽኝ ይዞት የተረፈ ሰው ነበር፤ ዳሩ ግን በ36 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ።

ይህን እኛም ሞክረነዋል። መጀመሪያ ያመጣነው ጥቁር መነጽር ተራ መነጽር ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ፊት ቆመን ግማሽ ሰዓት ያህል በከንቱ አዞርነው፤ አላፊ አግዳሚውም ታዘበን። በማግሥቱ አንዱ ጓደኛችን ከታላቅ ወንድሙ የፖላሮይድ መነጽር ተውሶ መጣ። መስኮቱን በስተጎን አይተን መነጽሩን ባዞርነው ጊዜ የሰማዩ ነጸብራቅ ጠፍቶ በውስጥ ያሉት መደርደሪያዎች ታዩን፤ መልሰን ባዞርነው ጊዜ መደርደሪያዎቹ ጠፍተው ሰማዩ ተመለሰ።

ከማሉስ በኋላ ፍሬኔል በ1823 ብርሃን ከገጽ ላይ ሲመለስ ከእያንዳንዱ አወዛወዝ ምን ያህሉ እንደሚመለስ በስሌት አስቀመጠ። ጀርመናዊው ፓውል ድሩደ ደግሞ በ1888 ስቲብናይት ከተባለው፣ በጥንት ዘመን ለዓይን ኩልነት ያገለግል ከነበረው የአንቲሞኒና የድኝ ማዕድን ላይ የሚመለሰውን ብርሃን መረመረ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በገጽ ላይ ስለሚያርፉ ስስ ሽፋኖች ጽሑፍ አሳተመ። በጣም ስስ የሆነ ሽፋን እንኳ የሁለቱን አወዛወዞች መጠንና ጊዜ ስለሚያዛባ፣ ያንን መዛባት በመለካት የሽፋኑን ውፍረት ማወቅ ይቻላል። ይህ ዘዴ ብዙ ጊዜ ተረስቶ ቈየ፤ በ1945 አሌክሳንደር ሮተን በኒውዮርክ መሣሪያውን አሻሽሎ ኤሊፕሶሜትር ብሎ ሰየመው። ዛሬ የሲሊከን ሠሌዳ በሚሠራበት ፋብሪካ ሁሉ በሲሊከን ላይ ያለው የኦክሳይድ ሽፋን ውፍረት የሚለካው በዚሁ ዘዴ ዘሮች ነው።

ሆኖም ሽፋንን መለካት አንድ ነገር ነው፤ የባዶ እጆችን አቀማመጥ ማወቅ ግን ሌላ ነው። ለዚህ አስቀድሞ ንጹሕ ገጽ ያስፈልጋል፤ ንጹሕ ገጽ ደግሞ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ከአንድ ሰከንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ በአየር ቅንጣቶች ሊለበስ ይችላል። አየሩን ቢሊዮን ጊዜ ቢያሳንሱት እንኳ ገጹ ንጹሕ ሆኖ የሚቈየው ለጥቂት ሰከንዶች ነው። ስለዚህ ከዚያም አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ባነሰ አየር ውስጥ መሥራት ግድ ሆነ፤ ያን ጊዜ ተመራማሪው ጥቂት ሰዓቶች ያገኛል። ሰዎች ይህን የመሰለ ባዶ ዕቃ ለመሥራት የደከሙትን ድካም ብናወራ መጽሔቱ አይበቃንም።

አሁን ወደ ሮም እንሂድ። በ1968 ጃንፍራንኮ ኪያሮቲና ባልደረቦቹ የጀርማኒየምን ክሪስታል አየር በተመጠጠበት ዕቃ ውስጥ እንደ እንጨት ፈልጠው፣ ገና ምንም ያልነካውን ገጽ በብርሃን መረመሩ፤ በ1971ም ስለ ጀርማኒየምና ስለ ሲሊከን ሰፊ ጽሑፍ አወጡ። ብልሃታቸው ሁለት ነበር። አንደኛው የብርሃኑ ምርጫ ነው። ሲሊከን ለዓይናችን እንደ ብረት የሚያብለጨልጭ ነገር ቢሆንም፣ ዓይን ለማያየው ከቀይ ማዶ ላለው ብርሃን ግን እንደ መስኮት መስተዋት ነው፤ ውስጡ አይውጠውም። ስለዚህ ከዚህ ብርሃን የጐደለ ነገር ቢገኝ የዋጠው ገጹ ነው ማለት ነው። ብርሃኑንም አንድ ጊዜ ብቻ አላሳረፉትም፤ በክሪስታሉ ውስጥ አስገብተው ከውስጥ ወደ ገጹ ደጋግሞ እንዲመታ አደረጉት፤ የአንዱ ድርብ ሹክሹክታ በመደጋገም እንዲሰማ ነው። ሁለተኛው ብልሃት ይበልጥ ደስ ያሰኘናል። ንጹሑን ገጽ ከለኩ በኋላ ጥቂት ኦክሲጅን ወደ ዕቃው ለቀቁ፤ ባዶ እጆች ሁሉ ኦክሲጅን ያዙ፤ እንደ ገናም ለኩ። የፊተኛው ከኋለኛው ሲቀነስ የውስጡ ነገር ሁሉ ተጣጥቶ የሚቀረው የባዶ እጆች ድርሻ ብቻ ነው። ሲሊከን 0.45 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ጉልበት ያለውን፣ ይኸውም የሞገዱ ርዝመት ከአንድ ሚሊሜትር ሺህኛ 2.7 እጥፍ የሆነውን ብርሃን ሲውጥ ተገኘ፤ ኦክሲጅን ሲገባም ያ መዋጥ ጠፋ። በአንድ ስኩዌር ሳንቲሜትር ያሉት የገጽ አቶሞች 780 ትሪሊዮን ያህል ናቸው፤ በአንድ ኪዩቢክ ሳንቲሜትር ሲሊከን ውስጥ ያሉት አቶሞች ግን ከዚያ 60 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይበዛሉ። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል ጥቂቶቹን ለይቶ ማናገር እንዴት ያለ ሥራ እንደ ሆነ አንባቢ ይገምት።

ነገር ግን ባዶ እጆች መኖራቸው ቢታወቅም እንዴት እንደ ተደረደሩ ገና አልታወቀም ነበር። ከገጹ የሚመለሱት ኤሌክትሮኖች፣ አዲስ የተፈለጠው የሲሊከን ገጽ ሥርዓቱ በአንድ በኩል በሁለት እጥፍ እንደሚደጋገም ያሳያሉ። ለዚህ ለረጅም ጊዜ የተሰጠው ምክንያት ዴቪድ ሄንማን በ1961 ካቀረበው ሐሳብ የመጣ ነው፤ አንዱ የአቶም ረድፍ ከፍ ሲል የሚቀጥለው ዝቅ ይላል፣ ልክ እንደ እርሻ ትልም ማለት ነው። ቀላልና የሚያምር ሐሳብ ነበር፤ ሃያ ዓመት ያህልም ኖረ። በ1981 ግን በአሜሪካ አይ ቢ ኤም ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ፓንዴይ ሌላ ነገር አመጣ። የገጹ አቶሞች በባዶ እጃቸው የጎን ጎረቤታቸውን ይዘው ጠመዝማዛ ሰንሰለት ሠርተዋል፤ ለዚህም ከሥራቸው ያሉት ማሰሪያዎች አንዳንዶቹ ተፈትተው እንደ ገና ታስረዋል አለ። ጠንካራው የሲሊከን ማሰሪያ በፍልጡ ጊዜ ይህን ያህል ይለዋወጣል ብሎ መቀበል ቀላል አልነበረም።

እነሆ ሁለት ሥዕሎች ቀረቡ፤ አንዱ ግን ሐሰት ነው። ዳኛው ማን ይሁን? እዚህ ላይ ነው ከማሉስ መስኮት የመጣው ዘዴ የተጠራው። ትልሙ እውነት ከሆነ ብርሃን የዋጠው ኤሌክትሮን ከዝቅተኛው ረድፍ ወደ ከፍተኛው ይዘላል፤ ስለዚህ ረድፉን አቋርጦ የሚወዛወዘው ብርሃን በብዛት ይዋጣል። ሰንሰለቱ እውነት ከሆነ ግን ኤሌክትሮኑ የሚንቀሳቀሰው በሰንሰለቱ ርዝመት ነው፤ የሚዋጠውም በዚያው አቅጣጫ የሚወዛወዘው ብርሃን ነው። ጥያቄው «ይዋጣል ወይስ አይዋጥም» መሆኑ ቀርቶ «በየት በኩል ይዋጣል» ሆነ።

በ1984 ሁለት ቡድኖች መልሱን አወጡ። በሮም ኪያራዲያ፣ ክሪቸንቲ፣ ሴልቺና ያው ኪያሮቲ የገጹን ነጸብራቅ በሁለቱ አቅጣጫዎች ለኩ። በካሊፎርኒያ በበርክሊ ደግሞ ማርጆሪ ኦልምስቴድና ናቢል አሜር በሌላ መንገድ ሄዱ። ኦልምስቴድ ያን ጊዜ ለዶክተርነት የምትማር ተማሪ ነበረች፤ ይህን ስናነብ እኛ ተማሪዎች እጅግ ደስ አለን። እነርሱ የተመለሰውን ብርሃን በመለካት ፈንታ የተዋጠውን ብርሃን ሙቀት ለኩ። ገጹ ብርሃን ሲውጥ በጥቂቱ ይሞቃል፤ ሲሞቅም በጥቂቱ ያብጣል፤ በዚያ እብጠት ላይ ያረፈ ሁለተኛ የሌዘር ጨረር ትንሽ ዘንበል ይላል። የጨረሩ ዘንበል ማለት ምን ያህል ብርሃን እንደ ተዋጠ ይመሰክራል። ክሪስታሉ ሲፈለጥ ሰንሰለቶቹ በሦስት ልዩ ልዩ አቅጣጫዎች ሊተኙ ስለሚችሉ፣ አንዱ አቅጣጫ ብቻ ያለውን ቦታ መርጦ መሥራት ያስፈልግ ነበር፤ አለዚያ ምስክርነቱ ይደበላለቃል።

መልሱ አንድ ሆነ። በሰንሰለቱ አቅጣጫ የሚወዛወዘው ብርሃን በኃይል ተዋጠ፤ የሚያቋርጠው ግን ከምንም የሚቈጠር አልነበረም። የትልሙ ሐሳብ ወደቀ፤ የፓንዴይ ሰንሰለት ቆመ።

እዚህ ላይ የራሳችንን አሳብ እንድንናገር ይፈቀድልን። ስለ ክሪስታል ገጽ በብዛት የሚነገረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቢኒግና ሮረር በስዊትዘርላንድ ስለ ሠሩት፣ በቀጭን መርፌ ጫፍ አቶሞችን እየዳሰሰ ሥዕላቸውን ስለሚያወጣው ማይክሮስኮፕ ነው፤ እነርሱም በ1986 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን ፊንስትራና ባልደረቦቹ በዚህ መርፌ የፓንዴይን ሰንሰለቶች አይተው ያሳተሙት በዚያው በ1986 ነው። ብርሃን ፍርዱን የሰጠው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነበር። ሥዕል ስለሌለው ብቻ ይህ ሥራ በጥቂት ሰዎች ዘንድ ተወስኖ መቅረቱ ያሳዝነናል። በሌላ በኩል ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ብርሃን ብቻውን ሰንሰለቱን ባልፈለሰፈም ነበር፤ የሚነግረው አቅጣጫና ጉልበት እንጂ አቶሙ የተቀመጠበትን ቦታ አይደለም። አስቀድሞ ፓንዴይ ሥዕሉን ባያቀርብ ኖሮ የ1984ቱ ልኬት ትርጉሙ ያልታወቀ ቍጥር ሆኖ በቀረ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ እንናገራለን። በ1985 ዴቪድ አስፕነስ በአሜሪካ የመቀነሱን ብልሃት ወደ ዓይን ብርሃን አመጣው። እንደ ሲሊከንና እንደ ጋሊየም አርሰናይድ ያሉ ክሪስታሎች ውስጣቸው በሁለቱ መስቀለኛ አቅጣጫዎች እኩል ያንጸባርቃል፤ ስለዚህ የአንዱ አቅጣጫ ነጸብራቅ ከሌላው ሲቀነስ ውስጡ ራሱን በራሱ ያጠፋና የገጹ ልዩነት ብቻ ይቀራል። የሚቀረውም ከሺህ አንድ ወይም ጥቂት እጅ ነው፤ ቢሆንም ጥሩ መሣሪያ ይለካዋል። የዚህ ጥቅሙ እጅግ ትልቅ ነው። ኤሌክትሮኖች ጋዝ በሞላበት ዕቃ ውስጥ መጓዝ አይችሉም፤ ብርሃን ግን ይችላል። የመብራትና የሌዘር ክሪስታሎች በጋዝ ውስጥ ድርብ በድርብ ሲያድጉ፣ መብራቱ ከመስኮቱ ውጭ ሆኖ እድገታቸውን ይከታተላል፤ የሚነካውም የሚያበላሸውም ነገር የለም።

በ1990 ደግሞ ሂጋሺ፣ ሻባልና ባልደረቦቻቸው በቤል ላቦራቶሪ ሲሊከንን በአሞኒየም ፍሎራይድ ውሃ አጠቡት፤ ባዶ እጆቹም ሁሉ ሃይድሮጅን ያዙ። ከቀይ ማዶ ባለው ብርሃን ሲመረመር ሃይድሮጅኑ 2083.7 በሚባለው ቍጥር፣ ይኸውም በአንድ ሳንቲሜትር ውስጥ በሚገቡ ሞገዶች ቍጥር፣ አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ሰጠ። መስመሪቱ ቀጭን መሆኗ ሃይድሮጅኖቹ ሁሉ በአንድ ዓይነት ሥርዓት መቆማቸውን ያመለክታል። በሺህ የሚቈጠር ዋጋ ካለው ባዶ ዕቃ ይልቅ በአንድ ሳህን ውሃ ይህን ያህል ንጹሕ ገጽ መገኘቱ ተመራማሪዎቹን ራሳቸውን ሳያስደንቅ አልቀረም ብለን እንገምታለን።

ያ የሳቀብን ጓደኛችን ይህን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት አንብቦ፣ «እንኪያስ በዚያው መነጽራችሁ ሲሊከን ለምን አታዩም?» አለን። ከተሰበረ የፀሐይ መብራት ላይ አንዲት የሲሊከን ቍራጭ አውጥተን ፊት ለፊት እያየን መነጽሩን አዞርን። በሁለቱም አቅጣጫ ያየነው አንድ ዓይነት ሰማያዊ ቀለምና የገዛ ፊታችንን ጥላ ነው። ቍራጯ በሽፋን የተለበሰች ናት፤ ባትለበስም እንኳ ከሺህ አንዱን ልዩነት ዓይናችን አይለይም። ጓደኛችን ግን መነጽሩን እስከ ዛሬ አልመለሰልንም።